ዘንግ የሚይዝ፣ ሰው የሚለቅ

አልታየሽ በፈረንጅ አገር፣ ሃርልስደን በሚባል ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ፣ በፀጉር ቤትና በሞባይል መጠገኛ መካከል በተሰነቀረች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ ታጠብባለች፣ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት አገሯን ለቃ ከመጣች ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛለች። በእጇ ሥራ የሚከራከራት ደንበኛ የለም፤ ሰዉን የሚያስመርረው ጥያቄዋ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሰው «ለምን ረዘመብህ? ስትገዛው አልለካኸውም? ወይስ አንተ ነህ ያጠርከው?» እያለች ግማሽ ሰዓት ታቆመዋለች። ነገር ፈልጋ አይደለም። የአንድን ነገር ምክንያት ካላወቀች አንጀቷ አያርፍም፤ ተፈጥሮዋ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከማለዲን ወደ ሱቋ ሲገባ በእጁ የያዘው ልብስ አልነበረም። ሁለት ቦታ የተሰበረ ረጅም ቀጭን ዘንግ ነበር።

«እትዬ አልታየሽ፣ እንደምን ዋሉ? ለዚህ የሚሆን ከረጢት ይሰፉልኛል?»

አልታየሽ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። ከማለዲንን ታውቀዋለች፤ አርባዎቹን የጀመረ፣ አርችዌይ የሚኖር የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የዩኒፎርም ሱሪውን በየዓመቱ የምታሳጥርለት እሷ ናት።

«ለተሰበረ ነገር ከረጢት ምን ያደርግልሃል?»

«ይሄ ለልኩ ነው ያመጣሁት። የማሰፋው ለሚቀጥሉት ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ።»

«ማን ሰበረው?»

«ባሕሩ።»

ይህን ጊዜ የያዘችውን ቀሚስ አስቀምጣ ወንበር ሳበችለት።

ከማለዲን ነገሩን ከሥሩ አስረዳት። ካያክ የምትባል፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ረጅም የፕላስቲክ ጀልባ አለችው። በእረፍት ቀኑ መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ ወደ ደቡብ ይነዳና ከአሸዋማው ዳርቻ እየቀዘፈ ባሕር ይገባል። ከመቀመጫው ኋላ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ዘንጎቹን እዚያ ይሰካቸዋል፤ እንደ ባንዲራ እንጨት ይቆማሉ።

«መሃል ባሕር ላይ ችግር የለም» አለ። «ጣጣው ዳር ላይ ነው፤ ስወጣና ስገባ። ማዕበሉ ተጠቅልሎ የሚፈርስበት ቦታ አለ። እዚያ ጋ ካያኳ ከተገለበጠች የቆመ ነገር ሁሉ ከሥር ካለው አሸዋ ጋር ይላተማል። ዘንድሮ ብቻ አራት ዘንግ አለቀብኝ። ስለዚህ ስወጣና ስገባ አጋድሜ የማስርበት ነገር አስፈለገኝ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ነገር እዚያ ምን ወሰደህ? ዓሣ እዚህ ገበያው ሞልቶ የለም?»

ከማለዲን ሳቀ። «እትዬ፣ አውቶቡስ ስነዳ ቀኑን ሙሉ ሰማንያ ሰው ከጀርባዬ ነው። ይጣላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ደወል ይጫናሉ። ባሕር ላይ ከጀርባዬ ማንም የለም።»

አልታየሽ ይህን ምክንያት ሰማችው፣ ገባትም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ዘንጉን ለካችው።

ከረጢቱን ስትሠራ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ነው። ዝናብ የማያስገባ ወፍራም የድንኳን ሸራ ገዛች። ዘንጎቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ ውስጡን በአሮጌ ብርድ ልብስ ገበረችው። ከዳር እስከ ዳር ዚፕ አደረገችለት። ካያኳ ጎንና ጎን ላይ ካሉት የፕላስቲክ ቀለበቶች ጋር የሚታሰሩ አራት ጠንካራ ማሰሪያዎች ሰፋችበት፤ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ደጋግማ። ሲረከባት «መኪና ይጎትታል» አለችው፤ ኮራ ብላ።

በሁለተኛው ሳምንት ከማለዲን ከረጢቱን ይዞ መጣ። እርጥብ ነው፣ አሸዋ ጠግቧል። ካያኳ ላይ በብሎን ተይዞ የነበረው የፕላስቲክ ቀለበት ከነብሎኑ ተነቅሎ ማሰሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጥ ካሉት ሁለት ዘንጎች አንደኛው ተሰብሯል።

«ስፌቱ ምንም አልሆነም» አለ ቶሎ ብሎ፤ እንዳይከፋት ፈርቶ። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ባሕሩ ነው።»

«ባሕሩ ነው ማለት መልስ አይደለም። ባሕሩ እንዴት አድርጎ?»

አልታየሽ ከረጢቱን ተቀበለችው፤ አገላብጣ አየችው። አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም። ስፌቱ ሳይላላ ብሎን እንዴት ይነቀላል? እራት ስትበላም፣ ስትተኛም ይኸው ነበር የሚመላለስባት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች፣ ዊልስደን ባለው ቤቷ የመታጠቢያውን ገንዳ በውሃ ሞላችው። በዘንጎቹ ፋንታ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ከረጢቱ ውስጥ ከታ፣ ዚፑን ዘግታ፣ ውሃው ውስጥ ደፈቀችው። መጀመሪያ ተንሳፈፈ። ቀስ እያለ ግን በዚፑ ጥርሶች መካከል ውሃ ይገባ ጀመር። ሲሞላ ልታነሳው ብትሞክር አቃታት። እህል እንደሞላ ስልቻ ከብዷል። በሁለት እጇ እንደምንም ከፍ አድርጋ የገንዳው ጠርዝ ላይ አስደገፈችውና ውሃው እስኪወጣ መቁጠር ያዘች።

ልጇ ቲጂ በሩን አንኳኳች። «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ? ሻወር እፈልጋለሁ እኮ።»

«ጠብቂ፤ እየቆጠርኩ ነው።»

«ምን?»

«ውሃ!»

ሁለት መቶ ደረሰች፤ ከረጢቱ ገና ግማሽ አልጎደለም። አልታየሽ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ብቻዋን ሳቀች። ውሃ እንዳይገባ ብላ የሠራችው ነገር አንዴ የገባውን ውሃ አላስወጣም ብሏል! አንደኛው ማዕበል ይሞላዋል፣ ሁለተኛው መጥቶ እንደ ግድግዳ ይገፋዋል፤ ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ጣት የምታክል ፕላስቲክ ነው። ስፌቱ በመጠንከሩ ተበጥሶ አልተገላገለም፤ ጉልበቱን ሁሉ ለደካማው ቀለበት አስተላለፈው።

በማግስቱ ሸራውን ትታ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ኳስ የሚሸከሙበትን ዓይነት መረብ ገዛች። ውሃ ቢያፈሱበት እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ከማለዲን መጥቶ ሲያየው ደስ አለው። ከዓሣ አጥማጅ ጓደኞቹ የሰማውንም ነገራት፤ የዘንጎቹ ጫፍ ወደ ኋላ መዞር አለበት፣ ከፊት የሚመጣ ውሃ ሽቅብ እንዳይቀለብሳቸው።

«ምናልባት ከመረቡ ቢያመልጡ እንዳይጠፉ ደግሞ አንድ ገመድ ይጨምሩልኝ» አለ። «ከካያኳ ጋር የማገናኛቸው፤ ክንድ ተኩል የሚሆን።»

«እጨምራለሁ። ግን እኔም እመጣለሁ።»

«የት?»

«ባሕሩ ጋ። አይቼው ለማላውቀው ገላ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካያኳን የተሸከመችው መኪና ዊልስደን በሯ ላይ ቆመች። ከፊት የከማለዲን ሚስት ረሒማ ተቀምጣለች። ረሒማ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የምትሠራ፣ ቃሏ ጥቂት የሆነ ሴት ናት። አልታየሽ ከኋላ ገብታ ሰላምታ እንደተለዋወጡ «አንቺም ዓሣ ትወጃለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኧረ እኔስ ሽታውንም አልወድም» አለች ረሒማ። «የምሄደው ሰውዬውን ልቆጥር ነው። አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ ብዬ።»

የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ረሒማ በመሃል የሳምቡሳ ሣሕን ወደ ኋላ አቀበለቻት። «ፍልሰታ አይደል? በምስር ነው የሠራሁት፤ ይብሉ።» አልታየሽ የእምነቷን ጾም አስታውሳ ይህን በማድረጓ ልቧ ተነካ፤ ሁለት በላች።

ባሕሩን ስታይ አልታየሽ መጀመሪያ የመጣችበትን ረሳችው። ነፋሱ ከፊት ነው። ማዕበሉ ከሩቅ እንደ ተጠቀለለ ጣቃ ይመጣና ዳር ሲደርስ ይተረተራል። ከማለዲን የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ለበሰ፤ ዘንጎቹን መረቡ ውስጥ አጋደማቸው፤ ጫፋቸውን ወደ ኋላ አድርጎ አሰረ፤ ገመዱን አገናኘ። ካያኳን እየገፋ ጉልበቱ ድረስ ገባና ዘሎ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ማዕበል በላዩ ላይ ፈረሰ። ካያኳ ከነጩ አረፋ ስትወጣ መረቡ ውሃውን በየቀዳዳው እያፈሰሰ እንደታሰረ ነው። ሁለተኛውንም አለፈ፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው ዝግ ብሎ ራቀ።

«ሠራ!» አለች አልታየሽ፤ የረሒማን ክንድ ጨብጣ።

«ገና መመለስ አለ» አለች ረሒማ።

ሲመለስ ረፋዱ ላይ ነው። አልታየሽ ከዳር ሆና ማዕበሉ ከኋላው ሲያድግ ታየዋለች፤ እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቷል፣ አያየውም። ውሃው የካያኳን ጭራ አነሳ፤ አፍንጫዋ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረ፤ በጎን ዞረችና ተገለበጠች። ውሃው እስከ ወገብ ቢሆን ነው። ይቆማል ብለው ጠበቁ። አልቆመም።

ረሒማ «ከማል!» ብላ ጮኸች። አልታየሽ ቀሚሷንም ጫማዋንም ሳታስብ ወደ ውሃው ሮጠች። ከማለዲን ከተገለበጠችው ካያክ ጎን አንዴ ብቅ ይላል፣ አንዴ ይጠልቃል። ማዕበሉ ካያኳን ወደ ዳር ሲጎትት እሱንም በአንድ እግሩ ይጎትተዋል። ሁለቱ ሴቶች ሳይደርሱበት ግን ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና እግሩ ተለቀቀ። እያሳለ፣ ባሕር እየተፋ ተነሳ።

አሸዋው ላይ አስቀመጡት። ረሒማ ፎጣ ደረበችለት፣ ከፔርሙስ ሻይ ቀዳችለት። ከማለዲን ጥርሱ እየተንገጫገጨ ወደ ካያኳ አየ። መረቡ ከነዘንጎቹ እንደታሰረ ነው፤ አንዱም አልተሰበረም። ፊቱ በራ።

«እትዬ፣ ተረፉ እኮ! ሁለቱም ተረፉ!»

«ዘንጉማ ተረፈ» አለች ረሒማ። «አንተስ?»

አልታየሽ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረውን ቀይ ሰንበር አየች። ገመዷ ነው። ክንድ ተኩል ለክታ፣ እንዳይበጠስ ጫፍና ጫፉን ደጋግማ የሰፋችው ገመድ ነው። አንድ ወር ሙሉ ዘንግ እንዴት እንደሚያዝ ስታስብ፣ ሰው እንዴት እንደሚለቀቅ አንዴም አልጠየቀችም። ከዚህ ሁሉ ጥያቄዋ ዋናው ቀርቷት ኖሯል። አፈረች። ቦርሳዋን ከፍታ የክር መቁረጫዋን አወጣችና ገመዱን ከሥሩ ቆርጣ ጣለችው።

«እኔ ነኝ ያልኩዎት እኮ፤ ይጨምሩልኝ ብዬ» አለ ከማለዲን።

«አንተ ትላለህ። እኔ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ረሒማ በዚህ መሃል ካያኳ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር። በጣቷ አንጓ መታ መታ አደረገቻት። እንደ ባዶ በርሜል ድም ድም አለች።

«ይሄ ነገር ሆዱ ባዶ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ አየር ነው፤ ለመንሳፈፊያ።»

«ታዲያ ዘንጉ ለምን ላይ ላይ ይታሰራል? ለምን ሆዱ ውስጥ አይገባም?»

«ክዳኑ እኮ ከፊት ነው፣ ሩቅ ነው። ባሕር ላይ ሆኜ ልደርስበት አልችልም። ብንጠራራ እገለበጣለሁ።»

«ይሄስ?» ረሒማ ከመቀመጫው ፊት፣ በእግሮቹ መካከል ያለችውን ክብ ክዳን በእጇ ሸፈነቻት።

«እሷማ ትንሽ ናት። ለስልክና ለቁልፍ ናት።»

«ዘንጉ ለሁለት ይለያይ የለ?»

«ይለያያል» አለ ከማለዲን፤ ወደ ክዳኗ ጎንበስ ብሎ። አልታየሽ ሜትሯን አውጥታ ቀዳዳውን እየለካች ነበር። ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ አስገብታ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ዳሰሰች፤ ውስጡ ደረቅ፣ ሰፊ፣ ጨለማ ነው። እጇን ስታወጣ ረሒማን እንደ አዲስ ሰው አየቻት።

«አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«የጠየቀኝ የለም» አለች ረሒማ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ረሒማ ከሥራ ስትወጣ በአውቶቡስ ሃርልስደን እየመጣች ሱቁ ውስጥ ትቀመጥ ጀመር። አልታየሽ ትሰፋለች፣ ረሒማ ትከራከራለች። ማሰሪያው ቀረ፣ ዚፑም ቀረ፣ መረቡም ቀረ። መጨረሻ ላይ የተረፈው ከብርድ ልብስ የተሠራ ረጅም ካልሲ ነው፤ የተለያዩት ዘንጎች ውስጥ ውስጡን እንዳይንኳኩ። በጫፉ መሳቢያ የምትሆን ቀለበት ያስፈልገዋል። ረሒማ የቀለበቷን ስፋት ለማስተካከል ስፌቱን ሦስት ጊዜ አስፈታቻት።

«ጣት ታስገባ» አለች፤ «እግር ግን እንዳታስገባ።»

አልታየሽ እስከዚያ ቀን ከሰፋቻቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ቀላል፣ ይህን ያህል ያሳሰባትም አልነበረም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሦስቱም ተመልሰው ሄዱ። ካያኳ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ሰው፣ መቅዘፊያና የተዘጋች ክዳን ብቻ። ከማለዲን የሚፈርሰውን ውሃ ሰንጥቆ ወጣ። ጸጥታው ጋ ሲደርስ እግሮቹን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ክዳኗን ከፈተ፤ በጣቱ ስቦ ካልሲውን አወጣ፤ ዘንጉን ገጣጠመና ወደ ላይ አንስቶ አሳያቸው። አልታየሽ ሳታስበው አጨበጨበች።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልነበራትምና ማዕበሉን ማየት ያዘች። ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ሲቆጥሩት ግን አይደለም። ትልልቆቹ ሦስት አራት ሆነው ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከዚያ ባሕሩ እንደሚያርፍ ሰው ጥቂት ዝም ይላል። ይህን ለረሒማ ነገረቻት። ሁለቱም ቆጠሩት፤ ባይገጣጠምም ይቀራረባል።

ከማለዲን ሲመለስ በዝምታው ሰዓት አልገባም፤ ሦስተኛው ትልቅ ከኋላው ደረሰበት። ካያኳ ዞረች፣ ተገለበጠች። ረሒማ ከንፈሯን ነክሳ ተነሳች። ነገር ግን ወዲያው ከማለዲን በሁለት እግሩ ቆመ፤ ባርኔጣው ከግንባሩ ወርዶ አይኑን ሸፍኖታል፤ እየሳቀ ነው። ከእግሩ ላይ የተጠመጠመ፣ ከክንዱ የተያያዘ ምንም የለም። ካያኳን ወደ ዳር ስቦ ክዳኗን ከፈተ። ዘንጎቹ ካልሲያቸው ውስጥ ተኝተዋል፤ አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ረጠብ ከማለት በቀር የነካቸው የለም። ከኋላ ያለው የዓሣ ሳጥን ግን ተከፍቶ የያዛቸውን ሦስት ዓሦች ባሕሩ ወስዷቸዋል።

«ዓሣውስ ይሂድ» አለች ረሒማ፤ እጁን ይዛ። «ዓሣው ከዚያው ነው የመጣው።»

አልታየሽ አልሰማቻቸውም። ዓይኗ ውሃው ላይ ነው። «ከማል» አለች፤ «ማዕበሉ ሁልጊዜ የሚፈርሰው እዚች ጋ የሆነው ለምንድን ነው? እዚያ በስተቀኝ፣ ድንጋዮቹ አጠገብ ለምን አይፈርስም?»

«እንጃ። አስቤው አላውቅም።»

«ስድስት ዓመት ስትመላለስ?»

ጫማዋን አወለቀች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ቋጠረችና ገባች። ውሃው አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቅዝቃዜ አለው። ረሒማ «እትዬ፣ ይመለሱ!» እያለች ተከትላ ገባችና እጇን ያዘቻት። አልታየሽ በእግሯ ጣቶች ሥሩን እየዳሰሰች ሄደች። መጀመሪያ እስከ ጉልበቷ ነበር፤ ከዚያ እስከ ጭኗ ደረሰ፤ ከዚያ መሬቱ ከሥሯ ሽቅብ ተነሳና እንደገና እስከ ጉልበቷ ሆነ።

«ጉብታ ነው!» አለች። «ረሒማ፣ ርገጪው! የአሸዋ ጉብታ አለ ከሥር። ማዕበሉን ይሄ ነው የሚያደናቅፈው። ሮጦ መጥቶ እዚህ ጋ ይደናቀፍና በግንባሩ ይወድቃል።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው በጉብታው ላይ ወደ ቀኝ ተራመዱ። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄዱ ጉብታው በድንገት አለቀ፤ አልታየሽ እስከ ወገቧ ሰመጠች። ቀሚሷ ዙሪያዋን ተንሳፈፈ። ቀጥሎ የመጣው ማዕበል አልፈረሰም፤ ሁለቱንም ቀስ ብሎ ከፍ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ አስቀምጧቸው አለፈ።

«በዚህ በኩል በር አለ!» ብላ ወደ ዳር ጮኸች። «ከማል፣ አንተ በግድግዳው ነው ስትገባ የኖርከው!»

ከማለዲን መቅዘፊያውን አንስቶ ካያኳን ወደ እነሱ አቅጣጫ ይገፋ ጀመር። ረሒማ ብርዱ ከንፈሯን ቢያንቀጠቅጣትም መመለሱን አላነሳችም፤ እሷም በእግሯ የጉብታውን ጠርዝ እየፈለገች ነው።

«ክረምት ሲመጣ ግን ይሄ አሸዋ እዚሁ ይቆያል ወይስ ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች።

አልታየሽ ዞራ አየቻት። ይህ ለእሷም አልመጣላትም ነበር። «እስቲ በዚያኛው በኩል ደግሞ እንየው» አለችና እጇን ሳትለቅ ወደ ድንጋዮቹ መንገዱን ቀጠለች።